በራሱ የሚዘጋ በር

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ የዶሮ ቤቱ ሞተር እንደ ሁልጊዜው ጉርር አለ። ስስ የአልሙኒየም በሩ በሁለቱ ሐዲዶቹ መሀል ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ ስምንቱ ዶሮዎችም እየተጋፉ ወደ ጓሮው ፈሰሱ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየቻቸው ሻይ ጣደች። ባሏ ጫማውን ይቦርሻል። የሰባት ዓመት ልጃቸው አንድ እግር ካልሲ ጠፍቷት አልጋ ሥር ገብታለች።

የባሏ አባት እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከዶሮ ቤቱ ሦስት እርምጃ ያህል ርቀው ቆመዋል። ከዚያ አልፈው አይጠጉም። በሩ ወጥቶ ሲያበቃ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡ፤ በእርሳስ የሆነ ነገር ጫር አደረጉና መልሰው ከተቱት።

"ምን ጻፉ አባባ?" አለ ባሏ በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

"ተከፍቷል ብዬ ነው።"

"እሱ እኮ በራሱ ይከፈታል። ለሱ ደግሞ ምን መጻፍ ያስፈልገዋል?"

"እሱማ አይረሳም" አሉ ሽማግሌው። "ለኔ ነው።"

ባሏ ሳቀ። በሩን ከገጠሙት ወዲህ "ዘበኛው" ነው የሚለው፤ ደመወዝ የማይጠይቅ፣ ሻይ የማይጠጣ፣ የማያንቀላፋ ዘበኛ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ጓሮ ድረስ ወስዶ ያሳያል። ላዩ ላይ የተለጠፈችውን የብርሃን መለያ በመዳፉ ይከድናትና በሩ መሽቷል ብሎ ሲወርድ እንደ ሕፃን ይደሰታል። ሽማግሌውም ፈገግ ይላሉ፤ በራሳቸው ላይ የተቀለደ ቀልድ የገባው ሰው እንደሚስቀው ዓይነት ፈገግታ።

ቁርስ ላይ ልጅቷ ካልሲዋን በእጇ ይዛ መጣች።

"አባባ ቅዳሜ ከሄዱ ድመቶቹን ማን ሰላም ይላቸዋል?"

"የምን ድመቶች?" አለ አባቷ።

"የትምህርት ቤት መንገድ ላይ ያሉት። ጎረቤታችን ስታመጣኝ በሩጫ ነው። አባባ ግን አንድም ድመት አያልፉም ነበር።"

"ያ ድሮ ነው" አሉ ሽማግሌው፤ ዳቦውን ቆርሰው ለልጅቷ እያቀበሉ። "አሁን የሰው ልጅ እጅ ይዤ መንገድ አልሻገርም። ብረሳሽስ?"

"እኔን?"

"ሰው ምኑን ይታመናል።"

ባለሙያዋ ተነሥታ ያልፈላውን ሻይ ልታይ ሄደች።

ሻንጣው ከሰኞ ጀምሮ በኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ሐኪም ያያቸዋል፤ ስለ መርሳታቸው ወረቀት ይጻፋል። ቅዳሜ ደግሞ ሴት ልጃቸው መጥታ ወደምትኖርበት ከተማ ትወስዳቸዋለች። እዚያ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው አለ፤ እዚህ የለም። ሁሉም ተነጋግሮ ያለቀ ነገር ነው። ሽማግሌው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "እንዳላችሁ።" እንደዚያ ሲሉ ጓሮውን እያዩ ነበር።

ሻይዋን ሳትጨርስ ቦርሳዋን አነሣች።

"እዚያው ሆስፒታል እንገናኛለን አባባ። ቁርስዎን ደህና አድርገው ይብሉ።"

"እሺ ልጄ። ብርድ ነው፣ ልበሺ።"

ነገሩ የሆነው ከአራት ወር በፊት ነው። ሥራ በዝቶባት በጣም መሽቶ ነበር ቤት የገባችው። ራት ተበልቶ አልቋል፤ ሽማግሌው ተኝተዋል፤ ባሏ ቴሌቪዥኑ ፊት እንቅልፍ ወስዶታል። ሁለት እንቁላል ልጥበስ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። የዶሮ ቤቱ በር ያኔ የእንጨት ነበር፤ በብረት መቀርቀሪያ የሚዘጋ። መቀርቀሪያውን ሳበች፣ ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ በጎጆው ድርቆሽ ውስጥ ዳበሰች። ሁለት አገኘች፤ ገና ሙቀታቸው አልለቀቃቸውም። በዚህ መሀል ስልኳ ጮኸ። የባሏ እህት ናት። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣበቀች፣ እንቁላሎቹን በግራና በቀኝ ይዛ በሩን በጉልበቷ ገፋችው። ተዘጋ። መቀርቀሪያውን ግን የሚያስገባ ሦስተኛ እጅ አልነበራትም። አሁን እመለሳለሁ ብላ ገባች። ወሬው ረዘመ። እንቁላሎቹን ጠብሳ በላች፤ ተኛች።

ሲነጋ በሩ ተበርግዶ ነበር። ሽለምጥማጥ ገብቶ ስድስት ዶሮ ጨርሷል። አንዷን እንኳ አልበላም፤ ደማቸውን መጥጦ እዚያው ጥሏቸዋል። ከስድስቱ አንዷ ገብስማዋ ናት፤ ሽማግሌው በሞት ከተለዩዋቸው ባለቤታቸው እጅ የቀረች የመጨረሻዋ ዶሮ።

"አባባ፣ ትናንት አልዘጉትም እንዴ?" አለ ባሏ።

"ዘግቻለሁ" አሉ ሽማግሌው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ፤ መዝጋት ሙያቸው ነው። ቀጥሎ ግን ቀኝ እጃቸውን ከፍተው አዩት፣ የሌላ ሰው እጅ የሚያዩ ይመስል። "ዘግቻለሁ... መሰለኝ።"

እሷ የውሃ ጎማ ይዛ ቆማለች። ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ባሏ ግን የሞቱትን ዶሮዎች በጆንያ እየከተተ ስለነበርና ሽማግሌው ገብስማዋን ከመሬት አንሥተው ስለታቀፉ፣ ይህን እስኪጨርሱ ልቆይ አለች። ከሥራ ስመለስ እነግራቸዋለሁ አለች። ስትመለስ ሽማግሌው ለልጃቸው "ረስቼው ነው፤ እርጅና ነው" ብለው ጨርሰዋል። ያመነን ሰው ደግሞ ከእምነቱ መመለስ ከባድ ነው። ለነገ አለች። ነገ ሲደርስም ለከነገ ወዲያ አሳደረችው። ውሎ ያደረ እውነት እንደ ውሎ ያደረ ቁስል ነው፤ መጀመሪያ ቢጠርጉት በቀላሉ ይጸዳ ነበር።

አውቶማቲክ በር ይገጠም ያለችውም ራሷ ናት። ሽማግሌው እንዳይደክሙ፣ እንዳይሳቀቁ ብላ። ከልቧ ደግነት መስሏት ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሞተሩን ሲያስር ግን ሽማግሌው ወንበር አውጥተው ከአጠገቡ ተቀመጡ፤ እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። በነጋታው የቤት ቁልፋቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። በሳምንቱ ከልጅቷ ጋር መንገድ መሄድ ተዉ። ከዚያ ደብተሩ መጣ፦ "ምድጃ ጠፍቷል፣ መድኃኒት ውጫለሁ፣ በር ተከፍቷል።"

አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ ከሥራ ስትመለስ ዶሮ ቤቱ አጠገብ፣ ከወንበራቸው ላይ አገኘቻቸው። ካፊያ ነበር። ኮታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል።

"ምነው አባባ፣ በዚህ ብርድ?"

"ጥቁሯ ሳትገባ ተዘጋባት" አሉ። የዶሮዋ አንገት ከኮታቸው መሀል ብቅ አለ። "እሱ ቆጥሮ አይደለም የሚዘጋው።"

"በእጅዎ ከፍ ያደርጉታል እኮ! ቀላል ነው።"

"ብነካው አበላሸዋለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ደግሞ ሌሎቹን ላስበላ? ሰው እስኪመጣ ይዣት ልቀመጥ አልኩ።" ሰዓታቸውን አዩ። "ብዙም አልቆየሁ። አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።"

በሩን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ዶሮዋን ተቀብላ አስገባች። ሽማግሌው "ተባረኪ ልጄ" አሏት። ያን ዕለትም አልተናገረችም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌው ደም ሊሰጡ ላብራቶሪ ደረሱ። ባሏ ካርድ ሊያወጣ ወረፋ ይዟል። የሥራ ባልደረባዋ ልትቀዳላቸው ብትነሣ "ተይው፣ እኔ" አለቻት። ሽማግሌው እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ጠቅልለው ተቀመጡ።

"ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።"

ቀና ብለው አዩዋት። "ታውቂው የለም እንዴ?"

"ሥርዓቱ ነው አባባ። ሰው ስሙን በራሱ አንደበት ካልተናገረ ቱቦው ላይ አንጽፍም። ብናውቀውም።"

ደስ አላቸው። ስማቸውን ከነአባትና ከነአያታቸው፣ ስም እንደሚጠራበት ሰልፍ ጠርተው ተናገሩ። እሷም ጻፈች።

"ጥሩ ሥርዓት ነው" አሉ። "እኛም መጋዘን እንዲህ ነበር። ያወጣ ይፈርማል። አለቃ ቢሆን፣ ጓደኛ ቢሆን፣ አንድ ምስማር ቢሆን። ያወጣ ሰው ካልፈረመ የሚጠየቀው በሩ ላይ ያለው ነው።"

ክንዳቸውን በላስቲክ አሰረች። ደም ሥራቸውን በጣቷ ፈለገች። አሥራ አንድ ዓመት ስትቀዳ በአንድ ዳሰሳ የምታገኘውን ዛሬ ሦስት ጊዜ ዳሰሰች።

"ቀስ በይ ልጄ" አሉ በለሆሳስ። "የሚያስቸኩል ነገር የለም።"

መርፌው ገባ። ደሙ ቱቦውን ሞላው። ጥጡን አስይዛቸው ቱቦውን ወደ መብራቱ አዞረች፤ የሚታይ ነገር ኖሮ ሳይሆን ፊቷን የምታዞርበት ስለፈለገች።

ውጤቱ ሲደርስ ወረቀቱን ለተላላኪ አልሰጠችም። ራሷ ይዛ ወጣች። በደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆመች።

ሐኪሟ ከሷ የምታንስ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። "ነይ ግቢ፣ ቤተሰብም ቢሰማ ጥሩ ነው" አለቻት። ጠረጴዛው ላይ ሽማግሌው እንዲሥሉ የታዘዙት የግድግዳ ሰዓት ሥዕል አለ። ቁጥሮቹ አልተዛነፉም፤ ሰዓቱ የተሰቀለበትን ምስማር ሳይቀር ሥለውለታል።

"እንዲይዙ ከነገርኳቸው አምስት ቃላት አራቱን አስታውሰዋል" አለች ሐኪሟ ውጤቱን እያየች። "ደማቸውም ደህና ነው። እንግዲህ የቀረኝ ታሪኩ ነው። መጀመሪያ ያስተዋላችሁት መቼ ነው?"

"ከአራት ወር በፊት" አለ ባሏ። "ማታ የዶሮ ቤት ሳይዘጉ ቀሩ። ስድስት ዶሮ አለቀብን። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ ረስተው አያውቁም፤ መጋዘን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ቁልፍ አይዙም፣ ምድጃ አይነኩም፣ ልጅቷን ከትምህርት ቤት አያመጡም።"

ሐኪሟ ትጽፋለች። ቀና ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

"እርስዎስ ያንን ምሽት ያስታውሱታል?"

ሽማግሌው ደብተራቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። እዚያ ውስጥ እንደሌለ ያውቃሉ።

"አስታውሰዋለሁ። እኔ የማስታውሰው እንደዘጋሁት ነው" አሉ። "በሽታው እሱ ነው መሰለኝ።"

"በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ" አለች ባለሙያዋ።

ሦስቱም ዞሩ። ባሏ ክንዷን ነካ አደረጋት።

"ተይ እንጂ። አሁን የማጽናኛ ሰዓት አይደለም።"

"ማጽናኛ አይደለም። ማታ ከሥራ ስመጣ ሁለት እንቁላል አወጣሁ። ስልክ ተደወለልኝ። በሩን በጉልበቴ ገፋሁት፤ መቀርቀሪያውን አላስገባሁም። ስመለስ አስገባዋለሁ ብዬ አልተመለስኩም።"

"የቱ ስልክ?" አለ ባሏ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት እሱ ይመስል።

"እህትህ ናት የደወለችው።"

ሽማግሌው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። የጠፋ ዕቃ በመዝገብ ሲፈልጉ እንደኖሩት ዓይነት ትኩረት ነበር።

"መቀርቀሪያው ገብቶ ነበር?"

"ገብቶ ነበር አባባ።"

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው። ጠብቆብኝ በአውራ ጣቴ ገፍቼ ነው ያወጣሁት።"

"እሱ ይጠብቃል" አሉ። "መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ይጠብቃል።" ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ለአፍታ አዩት። ከዚያ ሐኪሟን "የጻፉትን ያነቡልኛል?" አሏት።

"የመጀመሪያ ምልክት፣ የዶሮ ቤት በር ሳይዘጉ መርሳት" ብላ አነበበች።

"ይሰረዝልኛል?"

ሐኪሟ በአንድ መሥመር ሰረዘችው።

"ሲሰረዝ አጠገቡ ይፈረማል" አሉ ሽማግሌው። "ካልሆነ ማን እንደሰረዘው አይታወቅም።"

ሐኪሟ ፈገግ ብላ ፈረመች። ሰው ራሱን መጠራጠር ሲጀምር ያልረሳውንም እንደሚረሳ፣ ፍርሃት ብቻውን ብዙ ነገር እንደሚያስተው ነገረቻቸው። ለጊዜው ወረቀትም መድኃኒትም አያስፈልግም፤ ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ። ሽማግሌው አመስግነው ተነሡ። ሲወጡ በባለሙያዋ አጠገብ ነው ያለፉት። ቀሚሷን እንዳይነኩ ኮታቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ኮሪደሩ ላይ ባሏ አባቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ተመልሶ መጣ።

"አራት ወር?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አራት ወር።"

"እኔ እኮ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ስቀልድባቸው ነበር። ዘበኛው፣ ዘበኛው እያልኩ። አጠገቤ ቆመሽ።"

ወደ ወንበሩ ዘወር ብሎ አባቱን አየ።

"እህቴ ፈቃድ ወስዳለች፣ ክፍል አዘጋጅታለች። አሁን ማን ይነግራታል?"

"እኔ እነግራታለሁ።"

"አዎ፣ ደውይላት" አለ። "በስልክ ስታወሪ ይዋጣልሻል።"

እንዲህ ያለ ነገር ተናግሯት አያውቅም። ወዲያው የተጸጸተ መሰለ፤ ግን አልመለሰውም። እሷም እንዲመልሰው አልጠበቀችም።

ከምሳ በኋላ ለባሏ እህት ደወለች። ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረች። "ያን ማታ ስለ መጋረጃ ነበር የማወራሽ" አለች በመጨረሻ የባሏ እህት፤ ሌላ ነገር ሳትጨምር ዘጋች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስትደርስ ሻንጣው ከኮሪደሩ ተነሥቷል። የት እንደሄደ ስትፈልግ በሽማግሌው ክፍል አልጋ ሥር አየችው። አልተከፈተም።

"ይቀመጥ ብለዋል" አለ ባሏ። "እሄዳለሁም አይሉ፣ አልሄድምም አይሉ። የቤቱን ቁልፍ ግን ጠይቀውኝ ሰጥቻቸዋለሁ። ልጅቷንም ዛሬ ራሳቸው ናቸው ያመጧት። ሃያ ደቂቃ ዘገዩ።"

"ምነው?"

"ድመት ነዋ።"

ሊስቅ ፈልጎ ተወው።

ሽማግሌው ጓሮ ነበሩ። ፀሐይዋ ከአጥሩ ጀርባ ዝቅ ብላለች። ባለሙያዋ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ሽማግሌው ከበሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ጎንበስ ብለው የሞተሩን ሳጥን ይመረምራሉ።

"ይሄ ነገር በየት በኩል ነው የሚጠፋው?" አሉ፣ ወደ ማንም ሳይዞሩ።

ባሏ ከውስጥ ሰማ። "አያጥፉት አባባ! እርስዎም ይዝጉት፣ እሱም ይኑር። ለመጠባበቂያ።"

ሽማግሌው እጃቸውን ሳጥኑ ላይ እንዳኖሩ ቀሩ። በባሏ ቃል ውስጥ ምንም ክፋት አልነበረም፤ እሷ በሩ ይገጠም ባለች ጊዜም በቃሏ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ወደ ጓሮው ወረደች። የሳጥኑን ክዳን ከፈተች፣ የባትሪውን ገመድ ነቀለች፣ ባትሪውን አውጥታ በሁለት እጇ ለሽማግሌው አቀበለቻቸው።

ተቀበሏት። ክብደቱን መዝነው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ ቆመው ጠበቁ። ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ገቡ። ጥቁሯ እንደ ልማዷ የመጨረሻዋ ናት፤ ደፉ ላይ ቆማ ወዲያና ወዲህ አየች።

"ግቢ፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው" አሏት።

ገባች። "ስምንት" አሉ ጮክ ብለው። በሩን በእጃቸው ስበው አወረዱት፣ በሽቦ አሰሩት፣ ሽቦውን ሁለት ጊዜ ጎተት አድርገው ሞከሩት። ወደ ቤት ሲመለሱ ደብተራቸውን አላወጡም።

እሷ መንገዳቸው ላይ ነበረች።

"አባባ" አለች፤ "ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ቆም አሉ። ፊቷን ሳይሆን እጆቿን አዩ።

"ሰምቻለሁ" አሉ።

ያን ማታ ራት በሉ፤ ልጅቷ ስለ አንዲት ጆሮዋ የተቆረጠ ድመት አወራች፤ ሽማግሌው የጆሮውን ታሪክ ፈጥረው ነገሯትና ሳቀች። ሲጨርሱ ተነሡ፣ የውጭውን በር በቁልፋቸው ቆለፉ፣ ወደ ክፍላቸው ሲያልፉም በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆም ብለው ባለሙያዋን እንደ ወትሯቸው ተሰናበቷት።

"ደህና እደሪ" አሉ።

"ልጄ" አላሏትም።